የባሻ ጎሹ ቅዳሜዎች

ላምባ የሸተተኝ ኦሎምፒያ አጠገብ ካለ ፎቅ ስምንተኛው ወለል ላይ ነው። ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው መስታወት በሆነ አዳራሽ ውስጥ ላምባ ምን ይሠራል ብዬ አንገቴን ሳሰግግ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ጠርሙስ ጠብ ጠብ እያደረገ የትራምፔቱን ቁልፎች ዘይት ያጠጣቸዋል። የዛሬ ልጆች ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታሸገ ዘይት አላቸው። ሽታው ግን ያው ነው፤ እኛ ከማሳደጊያው ፋኖስ ሰርቀን በዶሮ ላባ እንቀባው የነበረው የላምባ ሽታ። ሰው ሲያረጅ ብዙ ነገር ይረሳል፤ እኔ የትናንት ምሳዬን እረሳለሁ፤ አፍንጫዬ ግን እንደ ደህና መዝገብ ቤት አንዲት ወረቀት አይጥልም።

እዚያ የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ሳሮን ናት። በቸርቻቸው ትራምፔት ትነፋለች። «ማስተር ክላስ አለ አባባ፣ ፕሮፌሽናሎች ናቸው የሚያስተምሩን፤ ይምጡና ይዩ እንጂ፣ እርስዎም እኮ ባንድ ውስጥ ነበሩ» ብላ ከየካ አባዶ በጠዋት አስነሳችኝ፤ በሁለት ታክሲ ተጋፍተን ደረስን። ማስተር ክላስ የሚባለውን ስም ሰምቼው አላውቅም። ነገሩን ሳየው ግን ወዲያው አወቅሁት። የበቃ ሙያተኛ ይመጣል፤ ልጆቹ ተራ በተራ ፊቱ ቆመው ይነፋሉ፤ እሱ ያርማል፤ የቀረው ተቀምጦ ያያል። እኛ ይህንኑ ነገር «ቅዳሜ» ነበር የምንለው።

የሳሮን ተራ ደረሰና ተነሣች። ገና ሁለት መስመር ሳትነፋ ጥፋቷን ከኋላ ወንበር ሆኜ አየሁት፤ ትጫናለች። ከንፈር ላይ የምታርፈውን ትንሿን የብረት ጽዋ፣ መንፊያውን ማለቴ ነው፣ ጥርሷ ላይ ደፍቃ ይዛዋለች፤ የአንገቷ ሥር ተወጥሯል፤ ድምፁም እንደታነቀ ነው። መምህሩ፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ለስላሳ ጎልማሳ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሷ ሲራመድ እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ። እጄ ተጨብጧል። ሰውየው አጠገቧ ደረሰና «እጅሽን እንደ ሰሃን ዘርጊ» አላት። ትራምፔቱን በተዘረጋው መዳፏ ላይ አጋደመላትና «እንዳትጨብጪው። አሁን ንፊ» አላት። ያልተጨበጠ ትራምፔትን ወደ ጥርስ መጫን አይቻልም፤ ልጫነው ሲሉ ወደፊት ይሸሻል። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ከዚያ ሞላ። ነገሩ ሁሉ ሻይ አንድ ጊዜ እስኪማሰል ያህል ጊዜ አልፈጀም።

«አባባ ይቀመጡ እንጂ፣ ከኋላ ያለነው አይታየንም» አለኝ አንድ ልጅ። ተቀመጥኩ።

ባሻ ጎሹም በመዳፍ ነበር የሚያስተምሩን።

ያደግሁበት የወንዶች ማሳደጊያ ከመገናኛ ወዲያ በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ በቆመበት ቦታ ያኔ ገብስ ይዘራ ነበር። ነፋስ ሲነሣ ገብሱ እስከ አጥራችን ድረስ እየተኛ ይመጣና ይመለስ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ረጃጅም መኝታ ቤት፣ አንድ ገንዳ፣ አንድ የሰልፍ ሜዳ። ልጆቹ እናት አባት የሌለን፣ ወይም ኖሮን የማይፈልገን ነን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፍኩም፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ማሳደጊያው የነፋስ መሣሪያ ባንድ ነበረው። መሣሪያዎቹን ማን እንደሰጠን አናውቅም፤ ሁሉም የተጣመመ፣ የተጨረመተ ነው። በሳምንቱ ቀናት ራሳችን እንለማመዳለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከከተማው ትልቅ ባንድ ሁለት ሙያተኞች በጭነት መኪና ይመጣሉ። አንደኛው ክላርኔቶቹን የሚያስተምሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ከሜዳው ጩኸት ሲሰሙ ሁልጊዜ በመስኮት ወደ ገብሱ ያያሉ። ሁለተኛው የትራምፔቶቹ መምህር ሻምበል ባሻ ጎሹ ናቸው። አጭር፣ ደረታቸው እንደ በርሜል የሞላ፣ የወይራ ዘንግ ከብብታቸው የማትለይ ሰው።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ባሻ ከእኛ አንድ ትራምፔት ነፊ መርጠው ወደ ከተማው ባንድ ይወስዱ ነበር። አንድ ብቻ። ያ ልጅ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ ካምፕ ውስጥ የራሱ አልጋ ይሰጠዋል፣ ዕድሜ ልኩን እንጀራው ትራምፔት ይሆናል። ያልተመረጠው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ብርድ ልብስ ተሰጥቶት በትልቁ በር ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቀውም። እኛ ትራምፔቶች ስንነፋ የምንነፋው ለዚያች አንዲት ቦታ ነበር።

ቅዳሜ ደም የማይታይበት ጊዜ አልነበረም። ባሻ የተሳሳተውን ልጅ ባት በወይራዋ ይሉታል፤ የደገመውን ጆሮውን ይዘው ወደ ሜዳው ይጎትቱታል፤ ትራምፔት ከእጁ የወደቀበት ሃያ ጅራፍ ይቆጠርለታል፤ መሣሪያው ከልጁ የከበረ ነበርና። ትራምፔት ሲነፋ ውስጡ ምራቅ ይጠራቀማል፤ ገልብጠው ያፈሱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምናፈሰው ቀላ ይል ነበር። እንደ ልጅነታችን በዚህም እንቀልድ ነበር፤ የማን ቀይ ይበልጣል ተባብለን በአሸዋው ላይ እናወዳድራለን፤ አንዱ ቲማቲም በልቼ ነው ሲል ሌላው ቲማቲም የት አይተህ ታውቃለህና ይለዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ማንኳኳት የሚባለው ነው። ልጁ አንድ ረጅም ድምፅ ይዞ ይቆማል። ባሻ ፊት ለፊቱ ቆመው፣ ደስ ባላቸው ሰዓት፣ የትራምፔቱን ሰፊ ጫፍ በመዳፋቸው ዷ ያደርጉታል። መንፊያውን በከንፈሩ ላይ በስሱ ያሳረፈ ልጅ ይደነግጣል እንጂ አይጎዳም። የተጫነ ልጅ ብረቱ ጥርሱ ላይ ይመጣበታል። «ጥርስ አይነፋም፤ የሚነፋው ትንፋሽ ነው» ይላሉ ባሻ። እውነታቸውን ነው። የሚጫን ሰው ዛሬ ቢጮህለትም ነገ ከንፈሩ ይሞታል። እሳቸውም እንዲሁ ተንኳኩተው ነው የተማሩት፤ የላይኛው ከንፈራቸው ላይ እንደ ትል የተኛ ጠባሳ ነበራቸው። ደግሞ ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ኪሳቸው ውስጥ ለእኛ ብለው ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ ከገረፉት ልጅ ይጀምሩና ለሁሉም ይቆርሳሉ።

ለትልልቆቹ ማንኳኳቱ እርስ በርስ ነበር። ምርጫው ሲደርስ ባሻ ሁለቱን የተሻሉ ልጆች ፊት ለፊት ያቆማሉ። አንዱ ይነፋል፣ አንዱ ያንኳኳል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። «የሚጫነውን ባልንጀራው ያውቀዋል፤ መቼ እንደሚጫንም ያውቃል» ይሉ ነበር። ችሎ የቆመው ይመረጣል።

በዚያ ዓመት የተሻልነው ሁለት ነን፤ እኔና ዘውዱ።

ዘውዱ ጓደኛዬ ብቻ አልነበረም፤ አልጋ ስለማይበቃ ከስድስት ዓመታችን ጀምሮ እግርና ራስ ሆነን በአንድ አልጋ የተኛን ነን። ክረምት ላይ የእግሩን ጣቶች ብብቴ ሥር ያሞቃል፤ እኔ ሲያመኝ ድርሻዬን ከሌሎች አፍ ነጥቆ ያመጣልኛል። ድምፁ ከኔ ይበልጥ ነበር። ይህንን ዛሬ በትሕትና አይደለም የምናገረው፤ እውነት ስለሆነ ነው። እኔ ትራምፔት ስነፋ ትራምፔት ይሰማል፤ እሱ ሲነፋ ግን ኩሽና ያሉት ሴቶች ማማሰያቸውን ይዘው በር ላይ ይወጣሉ።

ለምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሞላ የሚባለው ከበሮ መቺ ገንዳው ጋ ያዘኝ። ሞላ ከእኛ እጥፍ የሚሆን ልጅ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ባሻ ሲገርፉት ስቄበታለሁ። «ሳቅ አሁን፤ እናንተ ጥሩምባዎች ጉንጭ እንጂ ክንድ የላችሁም» እያለ ጭንቅላቴን ሳሙና ውኃው ውስጥ ደፈቀኝ። አወጣኝ፣ ደፈቀኝ። በሦስተኛው ጊዜ ውኃ መጠጣት እንደ ጀመርኩ አስታውሳለሁ። ዘውዱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስወጣ ሞላ ጀርባ ላይ እንደ ጦጣ ተንጠልጥሎ ጆሮውን ነክሶታል። ሞላ ክርኑን ወደኋላ ሰደደ፤ የዘውዱ አፍ ላይ አረፈ። ዘውዱ ወድቆ ሲነሣ የቆርቆሮ ሳፋ ይዞ ነበር፤ ሞላ በአራት እግሩ እየዳኸ ከሜዳው እስኪወጣ ድረስ ጀርባውን፣ ራሱን፣ ያገኘበትን በሳፋው ደበደበው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ «ዋኝተህ ጨረስክ?» አለኝ። አገጩ ላይ ደም ይንጠባጠባል። የላይኛው ከንፈሩ ከውስጥ በኩል ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ለማንም እንዳትናገር ለማ። ባሻ ካወቁ ያስቀሩኛል» አለ።

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ልትነፋ ነው?»

«ትንሽ ጫን አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ነው።»

ከኩሽና ቅቤ ለምኜ ቀባሁለት። በዚያ ግቢ ውስጥ የዘውዱ ከንፈር መሰንጠቁንና ቅዳሜ ለት የግድ እንደሚጫን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ነጋ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ገብሱ መታጨድ ጀምሯል። ባሻ ሁለታችንን ሜዳው መሐል ፊት ለፊት አቆሙንና ዘንጋቸውን በመካከላችን አቁመው ለቀቋት። ወደ እኔ ወደቀች። እኔ ቀድሜ አንኳኪ ሆንኩ ማለት ነው።

ዘውዱ መንፋት ጀመረ። ድምፁ ሲወጣ ቅቤው ከንፈሩ ላይ ያብረቀርቃል። ልጆቹ በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። አምስት ላይ ስስ አድርጎ ይዞታል፤ ያኔ ባንኳኳው ምንም አይሆንም ነበር፤ ግዴታዬንም በተወጣሁ። አላንኳኳሁም። አሥር ላይ ስንጥቁ ሳያምመው አልቀረም፤ ድምፁ ሳሳ። አሥራ ሁለት ላይ የአንገቱ ሥር ተነሣ፤ ክንዶቹ ትራምፔቱን ወደ ራሱ ሳቡ፤ ተጫነ። የምጠብቀው እሱን ነበር። መዳፌን አልነበረም የሰነዘርኩት፤ ከትከሻዬ ጀምሬ በእጄ አንጓ፣ በሙሉ ጉልበቴ መታሁት።

የመጣው ድምፅ ጠጠር ሲታኘክ ዓይነት ነው። ዘውዱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደና ቆመ። አፉ ውስጥ ያለው ደም አንድ ጊዜ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረዋል፤ አንዷ መሬት ላይ ነጭ ሆና ትታያለች። ትራምፔቱን ግን አልጣለውም። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞታል፤ የጣለ ሃያ ጅራፍ እንዳለበት ያውቃላ።

ባሻ ጎንበስ ብለው አገጩን ቀና አደረጉና አዩት። «ተጫነ» አሉ። «እዩ ሁላችሁም። ለማ አይደለም የሰበረው፤ ራሱ ነው።» እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ለዘውዱ ዳቦ አወጡ። ዳቦውን ተቀበለ፤ በምኑ ሊበላው እንደሆነ አላውቅም። እሱ ማንኳኳት ስላልቻለ እኔን ባሻ ራሳቸው አንኳኩኝ፤ ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፣ ለይስሙላ ያህል ነካ አደረጉኝ። ቻልኩ። ተመረጥኩ።

ሰኞ በጭነት መኪናው ስሄድ ዘውዱ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጄን አነሣሁ፤ እሱም አነሣ። አፉን አልከፈተም።

እኔ የነፋሁት ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው። ቦሌ ኤርፖርት ላይ እንግዳ ሲመጣ በፀሐይ ቆመን አስፋልቱ ጫማችንን እስኪያሞቀው ድረስ ነፍቻለሁ፤ የስንት ትልቅ ሰው ቀብር ላይ ነፍቻለሁ፤ ልጆቼን በትራምፔት አሳድጌያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከኋላዬ ሆኖ ከእኔ የተሻለ የሚነፋ አንድ ልጅ ይሰማኝ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ልደብቅ አልፈልግም፤ በኋላ ወጣቶች እንዳስተምር ሲሰጡኝ እኔም አንኳኩቻለሁ። ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልፈለግሁም። የሌላ መንገድ መኖር ለእኔ አስፈሪ ነገር ነበር። መንገዱ ያ ብቻ ከሆነ ዘውዱን የመታው ሙያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁማ።

እንግዲህ ያን ቀን ኦሎምፒያ ላይ ሳሮን መዳፏን ዘርግታ ስትነፋ ያ መጠጊያዬ ተናደ። ስንወጣ ሊፍቱ ውስጥ «አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ። አዎ ደክሞኛል አልኳት።

ዘውዱ የት እንዳለ ማሳደጊያው ያሳደጋቸው አንድ ሁለት ሰዎች ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ነግረውኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ብረት በያጅ ሆኖ የሰው በር ሲበይድ ኖሮ፣ አሁን ቦሌ ለሚ አካባቢ ልብስ ፋብሪካ ከምትሠራ ልጁ ጋር ይኖራል። በእሑዱ ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ነበር። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ሸብቷል፤ ዓይኖቹ በብየዳው እሳት ቀልተው ቀርተዋል።

«ለማ። እንዴ፣ ይህን ያህል ከስተህ ነው እንዴ የነፋኸው?» አለኝ። እንዲሁ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ።

ልጁ ውኃ አምጥታ ወጣች። ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ልጆች ብዙ ካወራን በኋላ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ከንፈሩ መሰንጠቁን እያወቅሁ እንደመታሁት፤ አምስት ላይ መምታት ስችል እስኪጫን እንደጠበቅሁ፤ ያቺን ቦታ ፈልጌ እንዳደረግሁት፤ እሱ ከንፈሩ የተሰነጠቀው ደግሞ እኔን ከገንዳ ሲያወጣ መሆኑን ለአንድ አፍታም እንዳልረሳሁት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «እሱንማ አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ፊት ለፊቴ አልነበርክ? ዓይንህን እያየሁ ነበር የምነፋው። ሲቆጥሩ አንተም በከንፈርህ ትቆጥር ነበር።» ውኃውን ጎንጨት አለና አስቀመጠ። «ዘንጓ ወደኔ ብትወድቅስ ኖሮ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ቀጠለ።

«አንተ ከፍ ያለችዋን ድምፅ ስትይዝ ግራ ትከሻህን ትሰብቅና ትጫን ነበር። ባሻ አይተውብህ አያውቁም። እኔ አውቅ ነበር፤ አብረን አይደል የምንለማመደው? እሷን ድምፅ እንድትነፋ ላደርግህ ነበር ያሰብኩት። ደግሞ በመዳፍ አልነበረም፤ በቡጢ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ዘንጓ ወደኔ እንድትወድቅ ጸልያለሁ ለማ። አንተ ከጎኔ ተኝተህ።»

እኔ የሄድኩት ወይ እንዲረግመኝ ወይ ይቅር እንዲለኝ ነበር። ለሁለቱም ተዘጋጅቻለሁ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ክፉ ልጅ ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ሌላው እንደ ሐሙሱ ቀን ንጹሕ ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ ያዘንኩትም ለእሱ ንጽሕና ነው። ለካስ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሁለት ልጆች እግርና ራስ ሆነው ተኝተው አንዱ የሌላውን ጥርስ ያሰላ ነበር። ሐሙስ አንዱ ለሌላው የምንሞት፣ ቅዳሜ አንዱ ሌላውን የምንገድል ነበርን። የጠፋውን ስቆጥር ሁልጊዜ ሁለት ጥርስና አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የምቆጥረው። ስሳሳት ኖሬያለሁ።

«ምነው ለማ?» አለኝ ዘውዱ። «እንደ ባሻ ዳቦ ልቁረስልህ እንዴ?»

ሳቀ፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሲስቅ ግራ እጁ ብድግ ብሎ አፉን ሸፈነው። ጥርሱን ካስተከለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው፣ ያምራል። እጁ ግን ገና አልሰማም።